ለአሮጌ አውቶሞቢል አዲስ ልብ

የሰው ልጅ ያገኘውን ነገር እንዳገኘው አይተወውም። ቤት የገዛ ሰው በሩን ያስለውጣል፤ በቅሎ የገዛ ሰው ኮርቻዋን ያስጌጣል፤ ልብስ የገዛም ወደ ሰፊ ቤት ሄዶ በልኩ ያስጠብባል። ይህ ጠባይ በአውቶሞቢል ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ከጌጥ ያልፋል። አውቶሞቢል ክብደትና ፍጥነት ያለው፣ የሰው ሕይወትም የሚሸከም መሣሪያ ስለ ሆነ፣ አንዱ ክፍል ሲለወጥ ሌላው ክፍል ደግሞ «እኔንስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ሰምቶ የሚመልስ ባለቤት ይጠቀማል፤ ያልሰማ ግን ዋጋውን በመንገድ ላይ ይከፍላል።

ዛሬ የምንነጋገረው ዕድሜያቸው 40ና 50 ዓመት ያለፋቸው የስፖርት አውቶሞቢሎች፣ የተወለዱበት ሞተር ወጥቶ የሌላ አውቶሞቢል ሞተር ስለሚተከልባቸውና አካላቸውም በአዲስ ቅርጽ ስለሚለወጥበት ሥራ ነው። በአሜሪካ፣ በጃፓንና በኤውሮፓ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ጋራዦች፣ በትርፍ ጊዜያቸውም የሚደክሙበት ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ወገን «ይህ ቅርስ ማበላሸት ነው» ይላል፤ ሌላው ወገን «የሞተውን ማስነሣት ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። የእውነቱን ድንበር ለማየት ግን በደፈናው ከመከራከር አንዲት አውቶሞቢል ይዞ መመርመር ይሻላል፤ እርሷም የጃፓኗ ዳትሰን 240 ዜድ ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጃፓን የመጣችው እመቤት

የኒሳን ኩባንያ ይህችን ባለ ሁለት ወንበር አውቶሞቢል ለገበያ ያቀረባት በ1969 መጨረሻ ነው። በአገሯ ስሟ «ፌርሌዲ ዜድ» ነበር፤ ትርጓሜውም ወደ «ውብ እመቤት» ይጠጋል። በአሜሪካ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ዩታካ ካታያማ ግን ይህ ስም የአሜሪካውን ነጂ አይማርክም ብለው ጽሑፉን አስነቅለው፣ በሞተሯ መጠን «240 ዜድ» የሚለውን አስለጠፉባት። እኒህ ሰው በ2015 በ105 ዓመት ዕድሜያቸው እስኪያርፉ ድረስ በአድናቂዎቿ ዘንድ እንደ አባቷ ሲከበሩ ኖረዋል።

ሞተሯ በአንድ መሥመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች ያሉት ባለ 2.4 ሊትር ሲሆን፣ እንደ ሠሪዎቹ አቆጣጠር 151 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚያልፍ ነው። በሰዓት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጥ ነበር። በአሜሪካ ገበያ ስትወጣ የተተመነባት ዋጋ 3,526 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የጃጉዋርና የፖርሽ የስፖርት አውቶሞቢሎች ከዚህ እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጡ ነበርና ገዢው ወደ እርሷ ጎረፈ። ከታናናሽ እኅቶቿ ከ260 ዜድና ከ280 ዜድ ጋር እስከ 1978 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎችም እንግዳ አይደለችም። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ፣ ያንን ጭቃና አቧራ፣ ድንጋይና ወንዝ የተቀላቀለበትን እሽቅድምድም፣ በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ የኬንያ ነዋሪ የነበረው ሼካር ሜህታ በዚህችው አውቶሞቢል አሸንፈውበታል። ቀጭን መስላ የምትታየው እመቤት ጉልበቷን ያስመሰከረችው በእኛው አካባቢ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ የማይለቃት በሽታ አለባት፤ እርሱም ዝገት ነው። ላሜራዋ ስስ፣ ከውኃ መከላከያዋም ደካማ ስለ ነበረ፣ ከባትሪው ሥር፣ ከወለሉና ከበሮቹ በታች ያለው ክፍሏ ቀስ በቀስ ይበላል። ከዚያ ግማሽ ሚሊዮን ውስጥ ብዙውን የወሰደው ግጭት ሳይሆን ዝገት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዲት 240 ዜድ ጋራዥ ገብታ መጋዝ ሲነሣባት፣ የሚቆረጠው ተተኪ የሌለው ነገር ነው።

ሞተሩ ለምን ይለወጣል?

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው ችግር ነው፤ የቀድሞው ሞተር ተበልቶ መለዋወጫው ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ሌላ ሞተር መትከል ይረክሳል። ሁለተኛው ጉልበት ነው፤ በ1969 ፈጣን የተባለው 151 የፈረስ ጉልበት ዛሬ ተራ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል የሚደርስበት ሆኗል። ሦስተኛው የባለቤቱ ደስታ ነው፤ ማንም ያልሠራውን ሠርቶ የማየት ፍላጎት።

የለውጡም ደረጃ የተለያየ ነው። ከሁሉ የቀለለው የታናሽ እኅቷን የ280 ዜድን ባለ 2.8 ሊትር ሞተር መትከል ነው። ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤት ልጆች ስለ ሆኑ አዲሱ በቀድሞው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ከቀድሞው ካምቢዮ ጋርም ይገጥማል። በዚህ የማይረኩ ሠራተኞች ደግሞ በኒሳን የናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚገኘውን ክራንክ ሻፍት የሚባለውን ዋና ዘንግ አውጥተው በዚሁ ሞተር ውስጥ ያስገቡና ፒስተኑን በማስፋት ወደ 3.1 ሊትር ያደርሱታል። ጭነት ለመጎተት የተሠራ ዘንግ ለእሽቅድምድም ሲውል ማየት ያስደንቃል።

ሁለተኛው ደረጃ የአሜሪካውን የሸቭሮሌን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር መትከል ነው። ይህ የሞተር ዘር በ1955 በ4.3 ሊትር ተጀምሮ፣ በ2011 መቶ ሚሊዮነኛው ተሠርቷል። ስለዚህ በየትኛውም የአሜሪካ ጋራዥ ይገኛል፤ መለዋወጫውም ርካሽ ነው። ሲሊንደሮቹ አራትና አራት ሆነው ጎን ለጎን ስለ ተቀመጡ፣ ቁመቱ ስድስቱን በአንድ መሥመር ከደረደረው ከዳትሰን ሞተር ያጥራል። በዚህ ምክንያት ወደ ነጂው ጠጋ ተደርጎ ሊተከል ይችላል፤ ክብደቱም በፊት ጎማዎች ላይ ብቻ አይጫንም። በካሊፎርኒያ ስካራብ የተባለ ድርጅት በ1970ዎቹ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ለደንበኞች ይሠራ ነበር። በ1997 ለኮርቬት አውቶሞቢል የወጣው የዚሁ ሞተር ዘመድ ደግሞ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ባለ 5.7 ሊትርና ባለ 345 የፈረስ ጉልበት ስለ ሆነ፣ ክብደትን ለሚፈሩ ሰዎች ጥሩ መልስ ሆኗል።

ሦስተኛው በጃፓን የሚወደደው መንገድ ነው። ይኸውም በ1989 ከኒሳን ስካይላይን ጂ.ቲ.አር. ጋር የወጣውን ባለ 2.6 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦ የተገጠመለትን፣ 280 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለትን ሞተር መትከል ነው። እርሱም እንደ ቀድሞው 6 ሲሊንደሮቹ በአንድ መሥመር የቆሙ፣ የዚያው ኩባንያ ሥራ ስለ ሆነ «ደሟ ከዘሯ አልወጣም» ብለው የሚከራከሩለት አሉ።

የኮብራ ምሳሌ

ሞተር መለወጥ ራሱ ነውር አለመሆኑን ለማስረዳት ከኮብራ የተሻለ ምስክር የለም። ኤ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1950ዎቹ አንሥቶ «ኤስ» የሚባል ቀላል የስፖርት አውቶሞቢል ይሠራ ነበር። ይጠቀምበት የነበረው የብሪስቶል ኩባንያ ባለ 2 ሊትር ሞተር በ1961 መሠራቱ ሲቀር ችግር ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ በ1959 የለማንን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ያሸነፈውና በልብ ሕመም ምክንያት መወዳደር የተወው አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ፣ በዚሁ አካል ውስጥ የአሜሪካ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ሞተሩን ከፎርድ ኩባንያ አገኘ። የመጀመሪያው አካል በ1962 መጀመሪያ ላይ ሎስ አንጀለስ ደርሶ ባለ 4.3 ሊትር የፎርድ ሞተር ተተከለበት።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የኤ.ሲ. ሰዎችና ሼልቢ ሞተሩን አስገብተው ዝም አላሉም። የኋላው ዲፈረንሻል አዲሱን ጉልበት ስለማይችል በጠንካራ ተተካ፤ የኋላ ፍሬኖቹም ከመካከል ወጥተው ወደ ጎማዎቹ ተዛወሩ። ቆየት ብሎ ባለ 7 ሊትር ሞተር ለመትከል በታሰበ ጊዜ ደግሞ የቀድሞው ሻንሲ ሊሸከመው እንደማይችል ስለ ታወቀ፣ በ1965 ሻንሲው ራሱ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ዋናዎቹ ቱቦዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፈሩ፤ ሞላዎቹም ተለወጡ። በዚያው ዓመት የሼልቢ ቡድን በአውቶሞቢሎቹ የዓለምን የጂ.ቲ. ሻምፒዮና ወሰደ። ሞተሩ ቀድሞ ገባ፤ አውቶሞቢሉ ግን ሙሉ የሆነው ሌላው ሁሉ ሞተሩን ተከትሎ ሲለወጥ ነው።

ጉልበት ሲጨመር ምን ይከተላል?

ወደ 240 ዜድ እንመለስ። ይህች አውቶሞቢል እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ላሜራዋ ራሱ ሻንሲም አካልም ነው። ለ151 የፈረስ ጉልበት በተለካ ላሜራ ላይ 350 ሲጫን፣ በእያንዳንዱ የነዳጅ ረገጣ ጊዜ መላ አካሉ በመጠኑ ይጠመዘዛል። ምልክቱ መጀመሪያ በበሩ ክፈፍ ላይ ይታያል፤ ቀጥሎም በብየዳ መገጣጠሚያዎች ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ሥሩ የዛገ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት ከሥር ያሉትን ተሸካሚዎች በወፍራም ብረት ይደግፋል።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። በፊት ዲስክ፣ በኋላ ከበሮ የነበረው የቀድሞው ፍሬን ለዘመኑ በቂ ነበር። ዳሩ ግን ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የምታቆማትን አውቶሞቢል በ200 ለማቆም ፍሬኖቹ አራት ጊዜ የሚበልጥ ሙቀት መጠጣት አለባቸው። ጉልበት ጨምሮ ፍሬን ያልጨመረ ሰው በጎዳና ላይ ያለውን እግረኛ ሁሉ ሳያስፈቅድ በዕዳ ይዞታል።

ሦስተኛው የማስተላለፊያው ነገር ነው። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግና ዲፈረንሻሉ አንዱ ለሌላው የተለኩ ናቸው። ከመካከላቸው ደካማው መጀመሪያ ይሰበራል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በ280 ዜድ ላይ የወጣውን ተለቅ ያለ ዲፈረንሻል ፈልገው ይተክላሉ። ራዲያተሩም እንዲሁ መስፋት አለበት።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የነዳጅ መሥመር ነው። የቀድሞው ሞተር በሁለት ካርቡራተር የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ነዳጁ በቀስታ ግፊት ይደርሰው ነበር። የዘመኑ ሞተር ግን ነዳጁን የሚቀበለው ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ግፊት ነው። ለቀስታው የተሠራ የ50 ዓመት የጎማ ቱቦ ይህን ግፊት ሲቀበል ይፈነዳል፤ ቤንዚኑም በጋለው ማርሚታ ላይ ይረጫል። የሚከተለው እሳት ነው።

ስለ አካል ልብስ

አሁን ደግሞ ወደ ውጭው መልክ እንምጣ። ብዙ ሰዎች ሰፊ ፓርፋንጎ፣ ረዥም አፍንጫና የኋላ ክንፍ የወጣቶች ጌጥ ብቻ ይመስሏቸዋል። መነሻው ግን ችግር ነው። 240 ዜድ በከፍተኛ ፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ከፊት ሥሯ ገብቶ አፍንጫዋን ያነሣታል፤ መሪውም ይቀላል። ይህን ለማረም ኒሳን ራሱ በ1971 በጃፓን 240 ዜድ ጂ የተባለችውን አወጣ። አፍንጫዋ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር የረዘመ፣ በጎማዎቹም ላይ ተጨማሪ ክፈፍ የተቸነከረላት ነበረች። እንግዲህ የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ፋብሪካው ነው።

በአሜሪካም ፒተር ብሮክ የተባለው ንድፍ ሠሪ፣ ቀድሞ ለሼልቢ ዴይቶና የተባለውን የኮብራ ዝግ አካል ያወጣው ሰው፣ ለ240 ዜድ ከፓራውልቱ ሥር የሚገጠም የነፋስ መከላከያ ሠራ። የእርሱ ቡድን አውቶሞቢል በጆን ሞርተን እጅ በ1970ና በ1971 በምድቡ የአሜሪካን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸንፏል። ጠቃሚ የሆነ ልብስ እንዲህ ያለው ነው፤ የሚገጠመው በቡሎን፣ የሚወጣውም በቁልፍ ነው።

በዘመናችን ግን ሌላ ዓይነት መጥቷል። ኬይ ሚዩራን የመሳሰሉ የጃፓን ንድፍ ሠሪዎች የአውቶሞቢሉን አካል በመሣሪያ ለክተው፣ በኮምፒዩተር ነድፈው፣ ከፋይበር ግላስ እጅግ ሰፋፊ ክፈፎችን ያወጣሉ። ልብሱ ሲገጠም ዓይን ይስባል። ዳሩ ግን ሰፊው ቸርኬ እንዲገባ የቀድሞው ላሜራ መቆረጥ አለበት። የ240 ዜድ የፊት ፓርፋንጎ በቡሎን የተያዘ ስለ ሆነ አውልቆ ማስቀመጥ ይቻላል። የኋላው ግን ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው፤ ውጪኛውና ውስጠኛው ላሜራ አብረው ይቆረጣሉ። ጠንቃቃ የባትላሜራ ሠራተኛ ከቆረጠ በኋላ ሁለቱን መልሶ ይበይዳል፤ ከውኃም ይከላከላል። ቸኳዩ ግን ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ ፋይበር ግላሱን ይቸነክርበታል። ከሁለት ክረምት በኋላ ዝገቱ ከልብሱ ሥር ተደብቆ ይሠራል፤ ባለቤቱም ቀለሙ ሲያብብ እስኪያይ ድረስ አያውቅም። ጎማውም ከልኩ በላይ ወደ ውጭ ሲወጣ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ይበላል።

ዋጋና ቅርስ

ገንዘቡ ምን ይላል? በጥር 2020 አንዲት ምንም ያልተነካች የ1971 240 ዜድ በአሜሪካ በጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጠች። በዚያው ወር በቶኪዮ፣ ለእሽቅድምድም በጥቂቱ ከተሠሩት እኅቶቿ አንዷ 88.55 ሚሊዮን የን አወጣች። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው የነካ ሁሉ ከሰረ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ የተለወጠው ያ የመጀመሪያው ኮብራ በ2016 በ13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ ገበያው የሚቀጣው ለውጥን ሳይሆን ታሪክ የሌለውን ለውጥ ነው። ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ለምን ሠራው ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው አውቶሞቢል ይከበራል።

ሕግም የራሱ ሚዛን አለው። የብሪታንያ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት በሠራበት ደንብ፣ የተለወጠ አውቶሞቢል የቀድሞ ቁጥሩን ለመያዝ 8 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ለቀድሞው ሻንሲ ወይም አካል 5 ነጥብ፣ ለሞላው ክፍል፣ ለአክሱ፣ ለማስተላለፊያውና ለመሪው ለእያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ሲሰጥ፣ ለሞተሩ የሚሰጠው 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ሕዝብ «ልብ ነው» የሚለውን ሞተር ሕጉ ከሁሉ አሳንሶ፣ አካሉን ግን ከሁሉ አልቆ መዘነው። በእውነትም ሞተር ወጥቶ መልሶ ሊገባ ይችላል፤ የተቆረጠ አካል ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።

በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀድሞ ተሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ፊቫ፣ ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ውስጥም ይህንኑ ሐሳብ እናገኛለን። ከዘመኑ ውጭ የሆነ ለውጥ ማድረግ ግድ ከሆነ የቀድሞውን መልክና አሠራር ያክብር፣ ቢቻል ወደ ነበረበት የሚመለስ ይሁን፣ የወጡትም ዋና ዋና ክፍሎች ከአውቶሞቢሉ ጋር ይጠበቁ ይላል። የጃጉዋር ኩባንያ በ2017 በኤሌክትሪክ የምትሄድ ኢ-ታይፕ ባሳየ ጊዜ፣ ባትሪውን በቀድሞው ሞተር ቦታ አስገብቶ፣ የቤንዚኑ ሞተር ሲፈለግ ሊመለስ እንዲችል አድርጎ ሠርቷታል። በግንቦት 2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራይቱን ያሳፈሩባት ይህችው አውቶሞቢል ናት።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አስቸጋሪ አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ ዝገቱ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከዚያ ሞተሩ፣ በመጨረሻም ልብሱ። ብዙዎች የሚጀምሩት ከመጨረሻው ስለ ሆነ ገንዘባቸው በቀለምና በቸርኬ ያልቅና ፍሬኑ ሳይነካ ይቀራል። ዝገት የጨረሳትን፣ ሞተሯም የጠፋባትን አውቶሞቢል ለውጦ ማሠራት ከቆሻሻ ብረት ክምር ማዳን ስለ ሆነ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ሙሉና ጤነኛ ሆና የተገኘችውን ግን ለመቁረጥ የሚነሣ ሰው፣ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ሌላ የደከመች እንዳለች ዞሮ ይፈልግ።

በአገራችን ሞተር የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ለደስታ ሳይሆን የቀድሞው አልጠገን ሲል ነው። ቢሆንም በሊብሬው ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር መጻፉን ሁሉም ያውቃል። ያ ጽሑፍ የመንግሥት ጣጣ ብቻ አይደለም፤ አውቶሞቢሉ ማን እንደ ሆነ የሚናገር የልደት ወረቀቱም ነው። ስለዚህ የተለወጠው ሁሉ ይመዝገብ።

የወጣውንም ሞተር መሸጥ አይገባም። ሲሊንደሮቹን ዘይት አጠጥቶ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ፣ በሸራ ጠቅልሎ በጋራዡ ጥግ ማስቀመጥ ነው። የሚይዘው ቦታ ከአንድ በርሜል ብዙም አይበልጥም። አባትየው ባለ 8 ሲሊንደሩን እየነዳ ዘመኑን ይደሰት፤ ልጁ ደግሞ አንድ ቀን ሸራውን ገልጦ የቀድሞዋን እመቤት ለማየት ቢፈልግ፣ ቁልፍ አንሥቶ መጀመር ይችላል።